ጋሪ ላይ የተሳልነው ስለት

የማያምን ሰው ስድ መሆን ነበረበት። እኔ ሳድግ የሰማሁት እንደዚያ ነው። ወንድይፍራው ኮልፌ ካለው ግቢዬ አንዷን ክፍል ተከራይቶ ከገባ ወዲህ ግን ይህ ሐሳቤ ተበላሸብኝ። የሳይንስ መምህር ነው። ታላቅ ሲመጣ ከመቀመጫው ይነሳል፤ ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ለመትከል ከሁሉ ቀድሞ ይገኛል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጎደለው፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ አይሳለምም። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «እትዬ አስካለ፣ ውስጥ ሰው መኖሩን ሳላውቅ ደጅ ቆሜ ለማን እጅ ልንሳ?» አለኝ።

እኔ አስካለማርያም ደግሞ የጎጃም ልጅ ነኝ። ነገር ሲነሳ ዝም የሚል ሰው በዘሬ የለም። ዘመኑ ስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ከተማ ውስጥ ተማሪው መሬት የማን ይሁን እያለ ይሟገታል፣ የኛ ግቢ ሙግት ግን ሰማዩ የማን ነው የሚል ነበር። ወንድይፍራው ከሥራ ሲመለስ ደጃፌ ላይ ይቆማል፣ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፣ እኔ አነሳዋለሁ።

አንድ ቀን፣ «ይህን ዝናብ ማን የሚያዘንበው ይመስልሃል?» ብዬ ያዝኩት። ምድጃዬ ላይ የተጣደውን ማንቆርቆሪያ አሳየኝ። ውሃ ሲሞቅ ተን ይሆናል አለ፤ ተኑ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይወርዳል፤ ዝናብ ማለት ይኸው ነው። ጥሩ አድርጎ ነው ያስረዳኝ፣ መምህርነቱን አልክድም።

«እሺ፣ ማንቆርቆሪያውንስ ማን ጣደው?» አልኩት።

ሳቀ። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ኮራሁበት፤ ለእድርተኛው ሁሉ አወራሁት። ያሸነፍኩት መሰለኝ። በሳምንቱ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲያልፍ አየሁት፤ እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ ሄደ።

ከሱ ክፍል ቀጥሎ የምትኖረው ሌላዋ ተከራዬ የኔነሽ ናት። ባሏ ወንድሙ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። የኔነሽ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ጨንግፎባታል። ሦስተኛው ሆዷ ሲገፋ ግቢው በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ነበር የሚጠብቀው። የኔንና የወንድይፍራውን ክርክር ከመስኮቷ ትሰማለች፤ ጨዋታ ነው የሚመስላት። ለነገሩ እሷ ማንም ሰው ከልቡ የማያምን አይመስላትም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ማለዳ፣ ዝናቡ እየወረደ ምጥ ያዛት። ሰፈራችን ጭቃ ነው፤ በክረምት ታክሲ አይደፍረውም። ወንድይፍራው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤቱ ነበር። ሮጦ ሄደና የፈረስ ጋሪ ይዞ መጣ። ፍራሽ አነጠፍን፣ አስተኛናት፣ እኔ ጥላ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰፈራችንን ሳንወጣ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ባለጋሪው ከፊት ፈረሱን ይስባል፣ ወንድይፍራው ከኋላ ወርዶ ይገፋል። ኮቱ፣ ሱሪው፣ ጺሙ ሳይቀር ጭቃ ሆነ።

የኔነሽ እጄን ጨምቃ ይዛ ጮክ ብላ ተሳለች። «የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም፣ ወንድ ልጅ ሰጥተህ በሰላም ብትገላግለኝ፣ ይህን ጋሪ የሚገፋልኝ ሰው የልጄ ክርስትና አባት ይሁን!»

«አሜን!» አልኩ፣ አፌን ሞልቼ።

ጋሪውን የሚገፋው ማን እንደሆነ ዞር ብዬ ያየሁት አሜን ካልኩ በኋላ ነው። እሱ ከዝናቡና ከፈረሱ ጩኸት የተነሳ ምንም አልሰማም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የኔ አሜን ግን ወድቆ የሚለቀም አልነበረም። በሰው ጫንቃ ተሳልን ማለት ነው፤ ያውም በማያምን ሰው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው ገታን። «አንተ ባሏ ነህ?» አለው። ወንድይፍራው አይደለሁም አለ። «እንግዲያው ውጭ ቆይ፤ ዘመድ ያልሆነ ወንድ አይገባም።» እሷ መራመድ አቅቷታል፣ እኔ ብቻዬን አልችላትም። ወንድይፍራው አንዴ እሷን አየ፣ አንዴ ዘበኛውን አየ። «ወንድሟ ነኝ» አለና አቅፏት ገባ። ከቀትር በኋላ ወንድ ልጅ ተወለደ።

የስለቱን ወሬ ለወንድይፍራው መንገሩ ለኔ ወደቀ፤ አሜን ባዩዋ እኔ ነኛ። የኔነሽ ከሆስፒታል ከተመለሰች በኋላ አንድ ከሰዓት ደጃፌ ላይ ገብስ እየለቀምኩ ጠራሁትና ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀልድ አለመሆኑን ሲያይ ሳቁን ተወ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አላምንም።»

«አንተ እመን ማን አለህ? ልጁን ታቅፈህ ትቆማለህ።»

«ቆሜስ ምን እላለሁ?»

ሕፃን አፍ የለውምና የክርስትና አባት በሱ ፈንታ ነው የሚናገረው። ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በእግዚአብሔር አምናለሁ ይላል። ይህን ሳስረዳው ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ሳላምን አምናለሁ ልበል?»

«በአፍህ በለውና ልጁን አስጠምቀው! ማን ሆድህን ከፍቶ ያየዋል?»

ትክ ብሎ አየኝ። «እትዬ አስካለ፣ እግዜር የሰውን ሆድ ያያል እያሉ ዓመቱን ሙሉ ሲሟገቱኝ የከረሙት እርስዎ አይደሉም?»

እጄ ሰፌዱ ላይ ቀረ። መልስ ያጣሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። መልስ ሳጣ ደግሞ እናደዳለሁ፤ ተነስቼ በሬን ዘጋሁበት። ለብዙ ቀን ሰላምታውን እየሰማሁ እንዳልሰማ አለፍኩ። እውነቱ የሱ መሆኑን ስለማውቅ ነበር እንዲያ የነደደኝ። የሌለ ነው የሚለውን አምላክ ከኔ ይልቅ እሱ ፈርቶታል።

ቀኑ ሲገፋ እሱን የሚያሳምንልኝ ሰው መፈለግ ያዝኩ። ከአጥራችን ወዲያ ፍቅሬ የሚባል ልብስ ሰፊ አለ፣ ጴንጤ ነው። በሌላ በሌላው አንስማማም፤ ስለ ኢየሱስ ሲናገር ግን ዓይኑ እንባ ያቀራል፣ እሱ ያሳምንልኝ ይሆናል አልኩ። ፍቅሬ የስፌት መኪናውን አቁሞ አዳመጠኝ።

«እትዬ አስካለ፣ ሰው በራሱ ልብ ነው ማመን ያለበት» አለኝ። «ለሕፃን ሌላ ሰው እንዴት ያምንለታል? መምህሩ ትክክል ነው።»

ሁለቱ በሃይማኖት ሰማይና ምድር ናቸው፤ እኔን ለማናደድ ሲሆን ግን አንድ ሆኑ። ስወጣ፣ «እኔ እጸልይለታለሁ፣ ጌታ ልቡን ያብራለት» አለኝ። አሜን ልል አፌን ከፈትኩና መለስኩት። በዚያ ሰሞን አሜን ላይ ቁጥብ ሆኜ ነበር።

በመጨረሻ የንስሐ አባቴ መምሬ ተክለማርያም ዘንድ ሄድኩ። ምንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። የዝንብ ጭራቸውን እያወዛወዙ ሰሙኝ።

«አስገድደሽዋል?»

«ትንሽ።»

«ዋሽ ብለሽዋል?»

ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ።

«ስለቱን በጸሎት እፈታላችኋለሁ» አሉ። «ሌላ ሰው ይቁም። ያላመነበትን ቃል በታቦቱ ፊት አናግረነው ምን እናተርፋለን? አንቺ ደግሞ ንስሐ አለብሽ። እስከ ክርስትናው ዕለት ድረስ ለዚህ መምህር ስለ እግዚአብሔር አንዲት ቃል እንዳትነግሪው።»

«አባቴ፣ ስግደት ይዘዙኝ።»

«ስግደትማ ለምደሽዋል» አሉኝ።

ለየኔነሽ ስለቱ ሊፈታ ነው ብላት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ልጇን እቅፏ ውስጥ ሸጉጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሁለቱን የወሰደብኝ ይህንንም ቢወስድብኝስ?» አለች። እግዜር እንዲህ ያለ ቂመኛ አይደለም ብላትም፣ መምሬ ፈቅደዋል ብላትም አልሰማችኝም። ሌሊት እየተነሳች የልጁን ትንፋሽ እንደምታዳምጥ አውቃለሁ። የሷ ፍርሃት የኔም ፍርሃት ሆነ፣ ምክንያቱም አሜኑ የኔ ነው።

ዝምታውን ጀመርኩ። ወንድይፍራው በሬ ላይ ቆሞ ነገር ጣል ያደርጋል፤ እኔ ስለ ሽንኩርት አወራዋለሁ። ስለ ጨረቃ ያነሳል፤ እኔ ጣሪያው ያፈሳል እለዋለሁ። «እትዬ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለኝ አንድ ቀን፣ ከልቡ ሰግቶ። ደህና ነኝ አልኩ። ደህና አልነበርኩም፤ ጉሮሮዬ ላይ የተደረደረው መልስ ሊያንቀኝ ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ የልጁ እትብት አመረቀዘ። እናቱ ገና አራስ ናት፣ ከቤት አትወጣም። ስለዚህ ልጁን እኔና ወንድይፍራው ይዘን ሆስፒታል ሄድን። በሩ ላይ ያው ዘበኛ ቆሟል።

«አንተ ጎበዝ! እህትህ ተሻላት?» አለው።

«ደህና ናት። ልጃችንን እትብቱ አስቸግሮት ነው» አለ ወንድይፍራው፣ እርምጃውንም ሳያቆም።

እትብቱን አጠቡለት፣ ዱቄት መድኃኒት ነፉበት፣ የሚያሰጋ አይደለም ብለው ሰደዱን። ስንመለስ ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ ወንድይፍራው ልጁን ኮቱ ውስጥ ከቶ ያዘው። 

«እትዬ፣ ዘበኛውን ሰሙት?»

«ሰማሁት።»

«ያን ቀን ዋሽቼው ነው የገባሁት። ዛሬ ሲጠይቀኝ ሳላስበው መለስኩለት። ውሸት መሆኑ ትዝ ያለኝ በሩን ካለፍን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሸቱ የቱ ጋ እንደሆነ እየፈለግኩ ነው፤ አጣሁት።»

ውሸቱማ ሊገኝ አይችልም። የኔነሽ ከወለደች ወዲህ ውሃ የሚቀዳላት እሱ ነው፣ እንጨት የሚፈልጥላት እሱ ነው፣ ልጁ ሲያለቅስ ከሁላችን ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ለዚህ ነገር መልስ ነበረኝ፤ የጣፈጠ መልስ፣ ማንቆርቆሪያውን የሚያስንቅ። ምላሴን ነከስኩ። መድኃኔ ዓለም ያውቃል፣ ከጾሙም ከስግደቱም ያቺ ከበደችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ለክርክር አይደለም» አለኝ። «እርስዎ አምናለሁ ሲሉ፣ አውቃለሁ ማለትዎ ነው?»

ስለ እግዚአብሔር እንዳልናገር ታዝዣለሁ። ስለ ራሴ እንዳልናገር ግን የከለከለኝ የለም።

«ባሌ አሰፋ ሲሞት» አልኩት፣ «ቅዳሴ መሄዴን አልተውኩም። ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደግም እኔም እደግማለሁ። አፌ ግን ደረቅ ነበር። የሚሰማኝ ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር። ዙሪያዬን የቆሙት ሴቶች ይሉታል፣ እኔ ከነሱ ጋር ከንፈሬን አነቃንቃለሁ። እነሱ ናቸው ያን ጊዜ ያመኑልኝ። ከዚያ አንድ ቀን፣ አንሶላ እያጠብኩ፣ እምነቴን ልቤ ውስጥ ተመልሶ አገኘሁት። መቼ እንደመጣ አላየሁትም።»

«ያን ጊዜ ሁሉ ታዲያ ይዋሹ ነበር?»

አሰብኩበት። ከዚያ በፊት ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለመምሬም ቢሆን።

«አይ» አልኩት። «እየጠበቅኩ ነበር።»

አውቶቡሱ መጣ። እስክንደርስ ድረስ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። እኔም ብዙ ቀን ያልተሰማኝ ሰላም ተሰማኝ፤ ሳልከራከር ወደ ቤቴ መመለሴ ነው መሰለኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ወንድይፍራው መምሬ ተክለማርያም ዘንድ ብቻውን ሄደ። የተባባሉትን ኋላ ከራሳቸው ነው የሰማሁት። አምናለሁ ለማለት አሁን አልደፍርም፣ ማለት ግን እፈልጋለሁ፣ የጎደለኝ ብዙ ነው፤ ቢያባርሩኝም አልቀየምም ብሏቸዋል። እሳቸውም በወንጌል ልጁ ታሞበት ጌታ ዘንድ የመጣውን ያን አባት አስታወሱት፤ ሰውየው ማመኑንና አለማመኑን ባንድ አፉ ነበር የተናገረው፤ ጌታም የጎደለህን ሞልተህ ና ብሎ አልመለሰውም፣ ልጁን ፈወሰለት። ቀጥለው ስመ ክርስትናውን ጠየቁት። ወልደ ሚካኤል ነኝ አለ። እናቱ ከሞተች ወዲህ በዚያ ስም የጠራው ሰው የለም። መምሬ ሲነግሩኝ፣ «ይህን ሲለኝ ድምፁ ተሰበረ» አሉኝ።

ሲመለስ ወደኔ አልመጣም። የኔነሽ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ «ስለቱን እንዳታስፈቺው» አላት።

«ጋሼ፣ በኔ የተነሳ እንዳይጨነቁ» አለችው።

«ባንቺ የተነሳ ብቻ አይደለም» አለና ባልዲውን አንስቶ ውሃ ሊቀዳ ሄደ። የኔነሽ ያን ምሽት ገንፎዋን ጠርጋ በላች።

ክርስትናው የዋለው ከዘመን መለወጫ ማግስት ነው። የልጁ አባት ወንድሙ ከአሰብ ሌሊቱን ነድቶ ደርሷል። ቀራንዮ ስንደርስ ሰማዩ ጠርቷል፣ ሣሩ ግን ገና ርጥብ ነው። ወንድይፍራው የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ልጁን ታቅፎ ቆመ። መምሬ ወደ ምዕራብ አዞሩት። ሰይጣንን ካደ፤ ድምፁ ቅጽሩ ድረስ ተሰማ። መካዱንስ ለምዶታል አልኩና ሣቄን ነጠላዬ ውስጥ ዋጥኩት።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ አዞሩት። መምሬ የአምናለሁን ቃል አሉና ጠበቁት። ዝም አለ።

ዝምታው ረዘመ። የኔነሽ ክንዴን ያዘችኝ፣ ጥፍሯ ገባብኝ። ወንድሙ ጉሮሮውን ጠረገ። መምሬ አልቸኮሉም፣ አልደገሙለትም። እኔ በአፍህ ብቻ በለው ያልኩት ሴትዮ፣ እዚያ ቆሜ የጸለይኩት ሌላ ጸሎት ነው። አምላኬ፣ ከልቡ ካልሆነ አታስብለው፤ የስለቱን ቁጣ እኔ እሸከመዋለሁ፣ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ።

ወንድይፍራው ቁልቁል ልጁን አየው። ልጁም ነቅቶ ያየው ነበር።

«አምናለሁ» አለ።

ቀጥሎ ያለውንም መምሬ እየመሩት አንድ ባንድ አለው፤ ወንዝ የሚሻገር ሰው እያንዳንዱን ድንጋይ በእግሩ እየሞከረ እንደሚረግጥ። እኔ ያንን ጸሎት ከልጅነቴ ጀምሮ ስደግመው ኖሬያለሁ። እንደዚያ ቀን እያንዳንዱን ቃል የሰማሁበት ጊዜ ግን የለም። ልጁ ውሃው ሲነካው ቀወጠው፤ ማዕተብ ታሰረለት፤ ኃይለ መድኅን ተባለ። የኔነሽ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ደስታ መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ወንድሙ ወንድይፍራውን አንገቱን አቅፎ፣ «አበልጄ!» አለው፤ ከዚያ ቀን ወዲህም በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

ድግሱ ላይ ዶሮውን ሳቀርብለት ቀልዴን አልተውኩም፤ ንስሐዬ አልቋላ። «እንግዲህ ክርክራችን አበቃለት» አልኩት።

«ምን ያበቃል፣ እትዬ? ገና መጀመሩ ነው። እስካሁን የምጠይቀው እርስዎን ለማናደድ ነበር። ይህ ልጅ ነገ አድጎ፣ በኔ ፈንታ አምናለሁ ያልከው ምን ማለትህ ነው ቢለኝ፣ ምን ልመልስለት ነው?»

በማግስቱ፣ አመሻሹ ላይ፣ ልጁን እንደታቀፈ በሬ ላይ መጣ። ማንቆርቆሪያዬ ምድጃው ላይ ነበር።

«ባለፈው ማን ጣደው ብለውኝ ነበር» አለኝ። «እሺ፣ የጣደው አለ እንበል። ለምን ይመስልዎታል የጣደው?»

አፌን ከፈትኩ። የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም፤ ፈልጌም አጣሁ። በፊት ቢሆን በዚህ እናደድ ነበር።

«እንጃ» አልኩት። «እኔ ስጥድ ግን ሰው ይመጣብኛል ብዬ ነው።»

 በርጩማውን ሳበና ልጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እኔም ሻይ ቀዳሁለት።